የሞተው ንጉሥ ቀና አለ

ሄስተር ወዳጄ፣

ትናንት ስካርቦሮ ከተማ ላይ ትያትራችን ተከፈተ፤ እኔም እንደ ልማዴ ንጉሥ ሆኜ ተገደልኩ። የትያትርን የመጨረሻ ቃል በልምምድ ላይ መናገር ገድ ያሳጣል ስለምንል፣ ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ሩፐስ ያቺን መዝጊያ ቃሉን አንድም ቀን ጮክ ብሎ ተናግሯት አያውቅም። ሕዝብ ፊት ሲቆም ጠፋችበት! ባንሾካሹክለትም አልሰማኝ። ምን ላድርግ፣ ከተጋደምኩበት ቀና ብዬ "በሮቹን ክፈቱ፣ ጦርነቱ አብቅቷል!" አልኩና ተመልሼ ሞትኩ። የእኛ ከተማ ሰው ቢሆን በብርቱካን ልጣጭ ይወግረን ነበር፤ እነዚህ ግን ቆመው አጨበጨቡ።

የመድረክ ኃላፊያችን ፕሩደንስ "አንተ ሽማግሌ፣ ሞተሃል እኮ!" ብላ አፈጠጠችብኝ።

"እኔማ ሞቻለሁ፤ ትያትሩንም ይዤው ልቀበር?" አልኳት።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጅሽን ኤድጋርን ሳሚልኝ። ዛሬም እሞታለሁ፤ ሩፐስ ግን "ጋሼ፣ ለክፉም ለደጉም አንድ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ይሙቱልኝ" ብሎኛል።

አምብሮዝ