አራተኛው ተራ ቁጥር

ለተከበሩ የሰፈራችን የተሽከርካሪ ደኅንነት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መርሳ

ጉዳዩ፦ ተራዬ መድረሱን በትሕትና ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ልጆችዎ፣ ቤትዎ፣ ከብትዎ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እንቅልፍዎስ? የእኛ እንቅልፍ ከጥምቀት ወዲህ ጥሎን ጠፍቷል፤ የእርስዎ ግን አንዲት ሰዓት ሳትጎድልበት እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ፤ ለእኛ ሲሉ የደከሙትን ድካም ሳስብ መተኛት ይገባዎታል።

ደብዳቤው ለሁሉም እንዲነበብ በአደባባይ የተጻፈ ስለሆነ፣ ለማያውቁኝ ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ገበየሁ እባላለሁ፤ እዚሁ መርሳ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። በእኛ አካባቢ ፒካፕ ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ክቡርነትዎ አያጡትም። አንዱ ሲመሽ ባትሪውን ፈትቶ እንደ ሕፃን ታቅፎት ይገባል፤ ሌላው ጎማውን ከዋርካ ጋር በሰንሰለት ያስራል፤ አቅም ያለው ደግሞ እኔ ዘንድ መጥቶ ድብቅ ማጥፊያ ያስገጥማል። ማጥፊያዋ የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው፤ እሷ ካልተነካች ቁልፍ በእጅ ቢኖርም መኪናው አይነሳም። የት እንደተደበቀች የሚያውቁት ባለመኪናውና እኔ ብቻ ነን። አሥራ ሦስት ዓመት ስሠራ የአንዱን ለሌላው ተናግሬ አላውቅም፣ ለባለቤቴ ለሰላማዊትም እንኳ።

እንግዲህ ይህን አሥራ ሦስት ዓመት የተቋጠረ ምስጢር በአንድ ሳምንት የፈታልን የእርስዎ ኮሚቴ ነው። ከጥምቀት ማግስት በየቤቱ የታደለው ቅጽ እንዴት ያለ ቅጽ ነበር! መኪናው በቀን የት እንደሚቆም፣ ያለ ጠባቂ የሚሆንበት ቀንና ሰዓት፣ ጠባቂ ካለው የጠባቂው ስም፣ ከዚያም በመጨረሻው ረድፍ የስርቆት መከላከያው ዘዴ በዝርዝር እንዲገለጽ ይጠይቃል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አለበት። እኛ ደግሞ ማኅተም ስናይ የሆዳችንን ሁሉ የምንዘረግፍ ሰዎች ነን። ፍራፍሬ ነጋዴው ጀብሪል ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ መዋሸት ሐራም ነው ብሎ፣ ጁምዓ የሚሰግድበትን ሰዓት ከነጫማ ማውለቂያው ነበር ያስጻፈኝ። አዎ፣ ያስጻፈኝ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብና የማጥፊያዎቹንም ቦታ ስለማውቅ ባለፒካፖቹ ሁሉ ቅጹን ይዘው የመጡት ወደ እኔ ነው፤ የእኔን ጨምሮ ዘጠኙንም በዚህ እጄ ሞላሁ። እጄን አላማርርም፣ ግን ምነው ባልጻፈ ኖሮ እላለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬና ወደ ጥቃቅን ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ። ዝርዝሩ ለግልጽነት ሲባል በቢሮዎ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ዘጠኝ ስለ ተለጠፈልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይበልጥ ልቤን የነካው ሰው እንዳይቀደው ተብሎ መስተዋት የተገጠመለትና የተቆለፈበት መሆኑ ነው። መኪኖቻችን ያላገኙትን ቁልፍ ወረቀቱ አግኝቷል። ፊደሉም ጎላ ያለ ስለሆነ ዓይነ ደካማ ሌባ እንኳ ሳይቸገር ያነበዋል።

ሁለተኛ። ሌቦቹ ተራ አክባሪ በመሆናቸው ኮሚቴውን እንኳን ደስ አለዎ ለማለት እወዳለሁ። በከተማችን ዳቦ ቤት እንኳ ተራ የሚያከብር ጠፍቶ ሳለ፣ እነሱ ከአንድ ቁጥር ጀመሩ። ተራ ቁጥር አንድ ጀብሪል ነበር፤ አርብ፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል፣ ማጥፊያዋ ከመሪው ሥር። ሰግዶ ሲወጣ ጫማው በቦታው ነበረች፣ ፒካፑ ግን የለችም። የለቀመው ፓፓያ ላይዋ ነበር። ያ ሰው ያላህ ብሎ ግንቡን ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ሰዎች እስኪያነሱት ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አያየኝም ነበር፤ በአራተኛው ቀን ሰላምታውንም ተወው። ይህ ከመኪናው መጥፋት ይልቅ አንጀቴን ይበላኛል።

ሦስተኛ። ተራ ቁጥር ሁለት ወይዘሮ ሮማን፣ እህል ነጋዴዋ። ቅዳሜ፣ ሐራ ገበያ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት። ማጥፊያዋ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ። በቅጹ ላይ እንደተሞላው ሆነ፤ አንድም የሚጨመር ነገር የለኝም።

አራተኛ። ይህችኛዋን ሳልቀልድ እንድጽፋት ይፈቀድልኝ፣ ለመቀለድ ሞክሬ አልሆነልኝም። ተራ ቁጥር ሦስት ጋሽ ፈንታው ናቸው፤ ከሲሪንቃ ችግኝ እየጫኑ ለገበሬ የሚያደርሱ፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰው። በቅጻቸው ላይ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ ሲበሉ መኪናዋ ብቻዋን እንደምትቆም አስጽፈው ነበር። የጀብሪልንና የሮማንን ባዩ ጊዜ ግን የዚያን ዕለት ቁርሱ ይቅርብኝ ብለው ጋቢናው ውስጥ ቁጭ አሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐራ በሚገነጠለው መንገድ ዳር፣ ቦይ ውስጥ፣ እጃቸው ችግኝ በሚያስሩበት ገመድ ተጠፍሮ ተገኙ። ይኸው ሳምንት ሙሉ ወልድያ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ስለ መኪናዋ ሲጠየቁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እጄን ግን ያዙኝ፣ አልለቅ አሉኝ።

ኮሚቴዎ በማግስቱ ባወጣው መግለጫ አደጋው የደረሰው ባለንብረቱ ከሞሉት መረጃ ውጪ በመንቀሳቀሳቸው መሆኑን ገልጿል። እውነት ነው። ጋሽ ፈንታው ቁርሳቸውን ቢበሉ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው በሰላም ይሰረቁ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ተራ ቁጥር አራት እኔ ነኝ።

ፒካፔን ያውቋታል። ከገደል የወጣች ቁርጥራጭ ነበረች፤ አራት ዓመት ሙሉ በትርፍ ጊዜዬ ገጣጥሜ ነፍስ ዘራሁባት። የሰላማዊት የሠርግ ወርቅ ተሸጦ ሞተሯ ውስጥ ገብቷል፤ ስትነሳ የምታሰማውን ድምፅ ሰላማዊት ከሌላው መኪና ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ሽንኩርት ጭና ወልድያ ይዛት የምትሄደው እሷ ናት። በቅጹ ላይ በጠባቂ ስም ረድፍ ውስጥ፣ በዚሁ በሚነበበው ጽሕፈቴ፣ ባለቤቴ ሰላማዊት፣ ብቻዋን፣ ብዬ ጽፌያለሁ። ብቻዋን የምትለዋን ቃል ማን ጻፍ አለኝ? ማንም። ቅጹ በዝርዝር ስላለ ነው። አሁን ያቺ ቃል መስተዋት ውስጥ ሆና በቢሮዎ ባለፍኩ ቁጥር ታየኛለች። ሰላማዊትን ከወልድያ ገበያ ትቅሪ ብላት፣ ከቀረሁ ምን እንበላለን ብላ መለሰችልኝ።

በዝርዝሩ ላይ ከእኔ በኋላ ያሉት አምስት ሰዎች በየማለዳው ሱቄ እየመጡ ደኅንነቴን ይጠይቃሉ። እንደዚህ ተወድጄ አላውቅም። መኪናዬ ገና በደጄ መቆሟን ሲያዩ እፎይ ብለው ይሄዳሉ።

አምስተኛ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ክቡርነትዎ የማጥፊያዎቹን ሁሉ ቦታ የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ እንዳለ፣ ጽሕፈቱም የእሱ እንደሆነ በጨዋታ መካከል ጣል አድርገዋል። ስሜን አለመጥራትዎ ትልቅነትዎን ያሳያል። ሰው ግን ዘወር ብሎ አየኝ። እናም ዕጣዬ እንደሚከተለው ሆኗል፦ መኪናዬ ከተሰረቀች ባለቤቴ አብራት አለች፤ ካልተሰረቀች ሌባው እኔ ነኝ። ሁለት ምርጫ ስለ ሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ስድስተኛ። ዝርዝሩ ከሰሌዳው እንዲነሳ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በለመንኩዎ ጊዜ ያሳዩኝን ትዕግሥት አልረሳውም። የተለጠፈው በጉባኤ ውሳኔ በመሆኑ የሚነሳውም በጉባኤ መሆኑን፣ ጉባኤው ደግሞ ሁለት አባላቱ ጀብሪልና ሮማን መኪና በማጣታቸው አባልነታቸው ስለ ቀረ ሊሟላ እንዳልቻለ አስረዱኝ። እንዲህ ያለ አሳማኝ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ይሁንና ባዶ እጄን አልሸኙኝም። ጥብቅ ምስጢር የሚል ማኅተም ያለበትን የመረጃ ማሻሻያ ቅጽ ከመሳቢያዎ አውጥተው ሰጡኝ። ባለፈው ሰኞ፣ ቢሮዎ ውስጥ፣ ከፊትዎ ተቀምጬ ሞላሁት። ከእንግዲህ ፒካፔ ሐሙስ ሐሙስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ ጠባቂ እንደምትቆም፣ ማጥፊያዋንም ከመቀመጫው ሥር አንስቼ ከሲጋራ መተርኮሻው ኋላ እንዳዞርኳት ጻፍኩ። ክቡርነትዎ አንብበው፣ አጥፈው፣ ብረት ሳጥንዎ ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገትዎ ላይ አንጠለጠሉት። ለሰላማዊት አልነገርኳትም። ሰሌዳው ላይ ያለው አሮጌው ማክሰኞ እንዳለ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ያቺን ሐሙስና ያቺን መተርኮሻ የምናውቅ እርስዎና እኔ ብቻ መሆናችን እንዴት እንዳጽናናኝ በቃላት መግለጽ አልችልም።

ከማጠቃለሌ በፊት አንዲት የረሳኋት አለች። የእርስዎ የግል ፒካፕ በዝርዝሩ ላይ አልተመዘገበችም። ምናልባት ቅጹ አልደረሳትም ይሆናል። ማጥፊያዋን የገጠምኩላት እኔ ነኝ፤ የት እንዳለች አስታውሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም። እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ሰውም እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

ጋሽ ፈንታው ከቦይ በወጡ ቀን እንኳ ያላቋረጡትን ሥራ በዚሁ ትጋት እንዲቀጥሉበት እየለመንኩ፣ ከቁንጫ እስከ ሰው ክፉ ነገር እንዳይደርስብዎ፣ የበርዎ መቀርቀሪያ እንዳይላላ፣ ውሻዎም በከንቱ እንዳይጮህ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የቅጽዎ ጸሐፊና የዝርዝርዎ አራተኛ፣
ገበየሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለጀብሪል፣ ሰላምታዬን እንዲመልስልኝ
ለወይዘሮ ሮማን
ለጋሽ ፈንታው፣ ወልድያ ሆስፒታል፣ ሲሻላቸው እንዲነበብላቸው
ከተራ ቁጥር አምስት እስከ ዘጠኝ ላሉት ወዳጆቼ

ድኅረ ጽሑፍ። ይህን ደብዳቤ ትናንት ረቡዕ ጨርሼ አጥፌው ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ፒካፔን በአምስት ሰዓት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አቆምኩና ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዱቄት ለብሼ ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የመኪናዬ ጡሩምባ ጮኸ፤ አላቆመም። ሳልነግርዎ የቀረሁት ነገር ቢኖር፣ ከመተርኮሻው ኋላ ያለችው ማጥፊያ ሳትሆን የጡሩምባው ሽቦ ናት፤ ማጥፊያዋ ሌላ ቦታ ነች። ሰውየው በሩን ክፍት ትቶ ሮጠ፤ መተርኮሻውን ግን ሳይሰብር በጥንቃቄ ነቅሎ መቀመጫው ላይ አኑሮታል፣ ሌላ ምንም አልነካም። እህል ሊያስፈጩ ተራ የያዙ ሰባት ሴቶች ፊቱን አይተውታል። ከመካከላቸው ሀስና የምትባለው በስሙ ታውቀዋለች፤ በማን ቤት ምሳ እንደሚበላም ታውቃለች። አሁን ሰባቱም ያዩትን እየነገሩኝ ቅጽ እየሞላን ነው፤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቴን ያውቁታል። ሰውየውን በተራ ቁጥር አንድ ጽፈን ጨርሰናል። ለግልጽነት ሲባል ሰሌዳው ላይ ስለምንለጥፈው፣ የመስተዋቱን ቁልፍ በዚህ ደብዳቤ አድራሽ እጅ እንዲልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።