ወደ ግራ የወደቀ ሞተር

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ተቀበሉኝ። ከሥራ ስመለስ ደብዳቤው ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ኢንሹራንሱ «የቆመ ሞተሬን ያልታወቀ መኪና ገጭቶ ጥሎት ሄደ» ያልኩትን አምኗል። ወይ ጋራዥ ወስጄ አስጠግናለሁ፣ ወይ ግምቱን በእጄ ተቀብዬ እንደተላላጠ እነዳለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ወስኚ ይላል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የተጎዳው፦ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፍሪሲዮን እጀታ ጫፍ፣ ታንኩ ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት። ሁሉም በግራ በኩል።

እውነቱን እዚህ ብቻ ልጻፈው። ማንም አልገጨውም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ጄኔቭ ኦ ቪቭ ሰፈር ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ወደምኖርበት ወደ ቨርሷ ገብቼ ግቢያችን ውስጥ ሳቆም ስልኬ ጮኸ። የጎን መቆሚያውን በእግሬ ገፋሁት፤ እስከ መጨረሻው መውጣቱን ሳላይ ለቀቅኩት። ሞተሩ ተዘረረ። አንዲት የሕንፃችን ሴትዮ ደርሳ «ገጭተውብሽ ሄዱ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም፤ ውሸቱ የጀመረው በዚህ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አምና ነው። «በዚህ ዕድሜዋ ሞተር» ያለኝ ሁሉ ሲስቅብኝ ታየኝ።

ከዚያ ፎርሙ መጣ። «ምስክር ፈልገዋል?» ስለሚል፣ ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ቢሮ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ እንዲለጥፍልኝ ጠየቅኩ። ሞተሩን የገጨ ሰው ራሱን ያሳውቅ ይላል። በየቀኑ አንገቴን ደፍቼ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ጋሽ ሰይፉ በሬን አንኳኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ጄኔቭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው አንድ ጭረት ሳያስመዘግቡ ጡረታ ወጥተዋል፤ ይህን የማያውቅ የቨርሷ ሐበሻ የለም፣ ራሳቸው ይነግሩታላ። የመንገድ ምልክቶቹን ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። መኪናቸው የምትቆመው ከሞተሬ አጠገብ ነው።

ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። «ጽጌ፣ ማስታወቂያውን አነበብኩት። እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉ። የመኪናቸው ፓራውልት ላይ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ጭረት አግኝተዋል። «አልተሰማኝም እኮ። ዓይኔም ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደሉም። ሳላውቅ በስህተት ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ አይደሉም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን «ኧረ ምንም አይደል ጋሽ ሰይፉ፣ ይርሱት» አልኩ።

ምንም አይደል። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የሚባለው እሱ ስለሆነ ከአፌ አመለጠ። እሳቸው የሰሙት ግን ጥፋቱ የርስዎ ነው፣ ይቅር ብዬዎታለሁ የሚል ነው። የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ከሥራ በፊት ጋራዥ። መካኒኩ ፖርቱጋላዊ ነው፣ ቁምነገረኛ ሰው። ሞተሩን ዞሮ አየው፣ ተንበረከከ፣ ታንኩን በጣቱ ዳበሰ። መኪና ቢገጨው የሆነ ቦታ ቀለም ይተው ነበር አለኝ። «ቆሞ የወደቀ ነው የሚመስለው። ግን እኔ መካኒክ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም። ልጠግነው ወይስ ልተወው?»

እደውልልሃለሁ ብዬ ወጣሁ።

ማታ ጋሽ ሰይፉ ግቢው ውስጥ ከመኪናቸው ዕቃ ሲያወጡ አገኘኋቸው። ጃንጥላ፣ ነጠላ፣ የሎሚ ከረሜላ። ቅዳሜ ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ድረስ ነድተው መኪናዋን ለልጃቸው ለሂሩት ሊያስረክቡ ነው። ሂሩት ዙሪክ ኤርፖርት የአውሮፕላን ምግብ ታዘጋጃለች፤ መንዳት ይብቃህ እያለች ስትለምናቸው ሁለት ዓመቷ ነው። እሳቸው በባቡር ይመለሱና ሰኞ መንጃ ፈቃዱን ለመንግሥት ይመልሳሉ።

«እሑድ ቅዳሴ የሚያደርሷቸው ሦስቱ እናቶችስ?» አልኩ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ። ዛሬ ሞተር ገጭቼ ካልሰማሁ ነገ ሰው ገጭቼም አልሰማም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ። «ቶሎ አስጠግኚው። እንዲህ ሆኖ ላየው አልቻልኩም።»

እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ መስከረም 30

ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄድኩ። አንዴ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ እንግዳ አላቸው ብዬ ተመለስኩ። አንዴ አይሰማም፣ ተኝተዋል ብዬ ተመለስኩ።

ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት፦
ለሳቸው ከነገርኩ ለኢንሹራንሱም መንገር አለብኝ።
ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፣ መቼም ማቆማቸው አይቀርም።
ሂሩት ደስ ይላታል።

ሦስተኛውን ስጽፍ ራሴን ተጠየፍኩት።

ጋሽ ሰይፉ አንድ ጊዜ «እናንተ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የላችሁ፣ ጥፋታችሁን ለማን ነው የምትናገሩት?» ብለው ቀልደውብኝ ነበር። «በቀጥታ ለጌታ ነዋ» አልኳቸው። «ብልጦች። ጌታ ለጎረቤት አይናገርማ» አሉ። ያኔ አብረን ስቀናል።

እናቴ ስትጸልይ «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስህተት የሠራሁትን ይቅር በለኝ» ትል ነበር። ጋሽ ሰይፉ ሁለተኛውን ግማሽ በሬ ላይ ቆመው አሉት። የመጀመሪያው ግማሽ የኔ ነው፤ እስካሁን አላልኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ጠዋት ስወርድ ቦታቸው ባዶ ነበር። ዳቦ ልገዛ ነበር የወጣሁት፤ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ዙሪክ ኤርፖርት እስክደርስ ከሦስት ሰዓት በላይ የምናገረውን ሳጠና ቆየሁ። ከዚያ ለሂሩት ደወልኩ፤ ጋሽ ሰይፉ ለክፉ ቀን ብለው ቁጥሯን ሰጥተውኝ ነበር። ገርሟት አድራሻውን ነገረችኝ።

ከሕንፃው ሥር ቆመው የመኪናዋን ወረቀት እያስረከቧት ደረስኩ። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ። መጀመሪያ የደነገጡት ለኔ ነው።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ማንም አልገጨውም። እኔ ራሴ ነኝ የጣልኩት። እርስዎ ሳላውቅ በስህተት አሉኝ። የኔ ግን አውቄ በድፍረት ነው።»

ሂሩት ቀደመች። «ሽፒንሽ ዱ?» አለች፤ አብደሻል ወይ ማለቷ መሆኑ ጀርመንኛ ለማላውቀው ለኔም ገባኝ። «አባዬ እኮ ስልክ ላይ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።»

ጋሽ ሰይፉ የያዙትን ወረቀት አጠፉት። ከዚያ «በየት በኩል ነው የወደቀው?» አሉ።

«በግራ።»

«የኔ መኪና የምትቆመው በግራሽ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ብገፋው ኖሮ ወደ ቀኝ ነበር የሚወድቀው።» እጃቸውን አዩት። «ሠላሳ ዓመት ነድቼ ይህቺን እንኳ ሳላሰላ አመንኩ።» ይህን የተናገሩት ለኔ አልነበረም።

ቁልፉን ከሂሩት እጅ መልሰው ወሰዱ። «ለማንኛውም ዓይንህን ሐኪም ጋ ታይ» አለች። «እታያለሁ» አሉ። ወደኔ ዞረው «ግቢ» አሉኝ።

የበርን ከተማን እስክናልፍ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። ምንም አይደል እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። አላሉኝም፣ ልክ ናቸው። ሎዛን አካባቢ ስንደርስ «ለኢንሹራንሱ ጻፊላቸው» አሉ።

«እሺ።»

«ስፖኪዮውንና ፍሬቻውን በራስሽ ወጪ ቀይሪ፣ የሕግ ነው። ታንኩን ግን አታስቀቢው።»

«እንዳላየው አስጠግኚው ብለውኝ አልነበር?»

«አሁን ልየው» አሉ። «እኔ እንዳልሆንኩ ያስታውሰኛል።»

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ፈረንሳይኛዬ እንደሆነ ሆኖ አራት መስመር ነው፦ ማንም አልገጨብኝም፣ ዋሽቻለሁ፣ ክፍያውን አልቀበልም፣ ይቅርታ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ሊከሱኝም ይችላሉ። ነገ በአደራ ደብዳቤ እልከዋለሁ። ማስታወቂያውንም ከመግቢያው ላይ ቀድጄ አነሳሁ። ለመካኒኩ ታንኩን እንዲተወው እነግረዋለሁ።

ዛሬ ንጋት ላይ የመኪናቸው በር ሲዘጋ ሰምቼ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሦስቱን እናቶች ሊያደርሱ ነው። መስኮቱ ላይ ቆሜ ተመስገን አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

መኪናዋን አስነሱ፣ የኋላ መብራቷ በራ። ከዚያ ወረዱ። ዞረው ሄደው በመኪናዋና በሞተሬ መካከል ያለውን ክፍተት ጎንበስ ብለው አዩ። ገቡ፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄዱ፣ ቆሙ። እንደገና ወርደው አዩ።

አምና ምልክት ሲያስጠኑኝ ከዚያ ቦታ በአንድ እጃቸው እየነዱ፣ እያወሩኝ ነበር የሚወጡት።