ቀይ ሸክላ ፍለጋ ሲቀላ ገበያ

አርባ ምንጭ፣ ጥር 1969

ወንድሜ ተክለጻድቅ፣

ከአዲሱ ባንድ የሙዚቃ ሸክላዎች ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይዘን የቀረንን፣ ጥቂት ብቻ የታተመውን ቀዩን ፍለጋ እዚህ ሲቀላ ገበያ ወጣሁ። አስቴር የምትባል ነጋዴን "ቀይ ሸክላ አለ?" ብላት፣ "ሞልቷል ጋሼ!" ብላ ማሰሮ አቀረበችልኝ። "የሚዘፍነውን ነው እኮ!" አልኳት። አዲስ አበባ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ቢሆን ሸክላው ላይ መርፌ ያሳርፉልን ነበር፤ እሷ ማሰሮዋን በጣቷ አንኳኩታ ጆሮዬ ላይ ደቀነቻት። "ይኸው ዘፈነች! ስንጥቅ የላትም።"

ከት ብዬ ሳቅሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅምና፣ ኃጢአት ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ልቤ ግን ተመስገን አለ። ሸክላው አልተገኘም፤ ማሰሮዋን ገዛኋት።

ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ወለቴን ሰላም በልልኝ፤ ዘፋኝ ይዤ እንደምመጣ ንገራትና ትደንግጥ!