በንግሥቴ ስም የቀረበው ማር

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 20

ውድ ገነነ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቅ።

በፍልሰታ ለጾመኛ ባቀረብነው ማር ውስጥ ቅቤ የጨመርኩት በዚህ በራሴ እጅ ነው። አንተ አልጨመርክም። አንተ የቅቤውን ጣሳ አቀብለኸኝ፣ ፊትህን ወደ መስታወቱ አዙረህ ፀጉርህን ታበጥር ነበር። ይህን ከነሐሴ ጀምሮ በሆዴ ይዤው ከረምኩ። ከዚያ ወዲህም በየረቡዑና በየዓርቡ ደገምኩት። የራሴ ድርሻ ይቅደም ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት፤ ያንተ ድርሻ ሲደርስ ደግሞ አላሳንስብህም።

አንተ ሶስ ትለዋለህ። እህትህ ንግሥቴ «ማሩ» ነበር የምትለው፤ ፓፓያና ሙዝ ተቆርጦ ሲቀርብ ከላይ የሚፈሰውን። የቡሬ ማር፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ። ሌላ ምን እንዳለበት ጠይቄያት አላውቅም። ባል ምን ይጠይቃል? ይልሳል እንጂ።

ጁስ ቤቱን ስትከፍት በሩ ላይ «የንግሥቴ ማር» የሚል ሰሌዳ ሰቀልክ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እህትህን ያከበርክ መስሎኝ። አምና በጥር ስትሞትም ሰሌዳው እዚያው ቀረ። ለካስ ስሟ ላንተ ግድግዳው ላይ እንደሰካኸው የፕላስቲክ አበባ ነው፤ ውሃ አይጠይቅም፣ አይደርቅም።

እሷ ካለፈች በኋላ ማሩን መሥራት በእኔ ላይ ወደቀ። ስታደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። ቅመሙን በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ከተትኩ፣ አረፋውን ገፈፍኩ፣ እሳቱን ቀነስኩ። ጣዕሙ ይመጣል፤ ወዙ ግን እምቢ አለኝ። የእሷ ፓፓያውን ተጎናጽፎት ይቀመጥ ነበር። የእኔ ሾልኮ ሳህኑ ላይ ይተኛል።

«ጋሽ ይታገሱ፣ ይሄ ማር ነው ጠበል?» አልከኝ በደንበኛ ፊት። ሳቁ። አንተም ስለሳቁልህ ሳቅህ።

ሰዉ ሲወጣ ጣሳውን ይዘህ መጣህ። «አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጣል ያድርጉበት። ሞቅ ብሎ ከቀረበ ማን ያውቃል?»

«ፍልሰታ ነው እኮ፣ ገነነ።»

«ማሩ ነው እንዴ የሚጾመው ጋሼ? ሰው ነው እንጂ!»

በዚህች ንግግርህ እንደኮራህ ከፊትህ አየሁ። አንተ ቀልድ የምትለው ነገር ሁሉ ዕዳው የሌላ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ ባጃጁ እንዳያመልጥህ በአንድ ዓይንህ መንገዱን የምትጠብቅ ሰው ነህ። ካንተ ምክር መቀበሌን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ግን ጨመርኩ። ማሩ ወዛ። ሰው መጣ፤ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሕፃናቱን ሳይቀር አስከትለው። የንስሐ አባቴ መምሬ ዘሚካኤል እንኳ በሉ። ከንፈራቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ይህ የንግሥቴ እጅ ነው። ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን» አሉ።

«አሜን» አልኩ። በቅቤ ላይ አሜን አልኩ፣ ገነነ። በሕማማት ከስግደት ሳትመለስ ውሃ በማትቀምስ ሴት ስም።

እንደምንቅህ አልደብቅህም። ንቀት ኃጢአት መሆኑን መምሬ ነግረውኛል፤ ገና አልተውኩትም። ችግሬ፣ አንተን በናቅሁ ቁጥር ጣሳውን የሚቀበለው የራሴ እጅ ፊቴ ድቅን ይላል። አንተ ጾም ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። ታዲያ ከሁለታችን የባሰው ማን ነው?

ቅዳሜ የጭማቂ ማሽን ልትገዛ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ቁልፉን ሰጥተኸኝ፣ «አደራ ጋሼ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ ገበያ ነው» አልከኝ። ሌላው ሰው ጾም ሲገባ ራሱን ይመረምራል፤ አንተ መደርደሪያህን። ሰኞ ማሩን ጥጄ ጣሳውን ልከፍት ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ድስቱን አውርጄ፣ ቤቱን ዘግቼ ወደ መምሬ ሄድኩ።

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ለእኔ ነገርከኝ፤ ደግ አደረግህ። አሁን ሂድና ለበሉት ንገራቸው» አሉኝ።

«በሰው ፊት፣ አባቴ?»

«ያበላሃቸውስ የት ነው?»

ወጣሁ። አልነገርኩም። ማግስቱን አሞኛል ብዬ ዘጋሁ፤ ረቡዕና ሐሙስ ፍሬውን ብቻ ቆርጬ አቀረብኩ። የንግሥቴን ስም ላለማጉደፍ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የፈራሁት ግን ለራሴ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሳህን የምታጥብልህ አልጣሽ ድስቱን እያቀበለችኝ፣ «የእትዬን ተልባ ምን አደረጉት?» አለችኝ።

«የሆዷን?»

«የምን ሆድ!» ብላ ሳቋ አመለጣት። «የማሩን እንጂ! ዘፍዝፋ፣ አፍልታ፣ የሚዝለገለገውን ውሃ አጥልላ ትጨምርበት አልነበር? ወዙ ከየት የመጣ መስሎዎት ነው?»

«እኔ እኮ ሆዷን እያመማት የምትጠጣው...»

«ወይ ጋሼ! ያን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው!»

ያን ተልባ አውቀው ነበር። ከምድጃው አጠገብ በብርጭቆ ተዘፍዝፎ፣ ክዳን ተደርጎለት ይቀመጣል። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ሆድሽ እንዴት ነው?» ብያት ቢሆን ኖሮ «የምን ሆድ?» ትለኝ ነበር፤ ነገሩም ያን ቀን ይገለጥልኝ ነበር። ታማለች ብዬ አስቤ፣ እንዴት ነሽ ሳልላት ኖርኩ። ቅቤውን ማሩ ውስጥ የከተተው ይህ ነው። አንተ ከዚያ በኋላ የመጣህ ትንሽ ሰው ነህ።

ተልባውን ዘፈዘፍኩ፣ አፈላሁ፣ አጠለልኩ። ማሩ ውስጥ ጨምሬ ቀስ እያልኩ አማሰልኩ። ማንኪያውን ሳወጣው ተጎናጽፎ መጣ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ደግሞ ሰይጣን ጥሩ ሐሳብ አመጣልኝ፤ እነሆ የጾም ማር ተገኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ በንጽሕና ታቀርባለህ፣ ያለፈውን ምን አነሳሳህ? ልክ ያንተ ድምፅ ነበረው።

በዘጠኝ ሰዓት ሰው ገባ። የጤፍ ነጋዴዋ እህተ ማርያም ከትንሿ ልጇ ጋር ነበረች። አንድ ጊዜ ቀመሰችና ፊቷ በራ። «ይሄ የፍልሰታው ነው! ነፍስ ይማር ንግሥቴ!» አለች። ለልጇም ልታጎርሳት ማንኪያውን ሞላች።

«የፍልሰታው አይደለም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «የፍልሰታው ቅቤ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርብ የበላችሁትም እንደዚያው። የጨመርኩት እኔ ነኝ። ንግሥቴ የለችበትም፤ ሞታ ነበር። የዛሬው በተልባ ነው፤ እሷ እንደምትሠራው።»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ።

«ለካ ያኔ ነው የወፈርኩት!» አለ አንድ ባለ ባጃጅ። ማንም አልሳቀለትም።

እህተ ማርያም ማንኪያውን ቀስ አድርጋ ሳህኑ ላይ አኖረችው። «ልጄ በፍልሰታ ቆርባለች» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ነኝ በእጄ ያጎረስኳት፣ ጋሽ ይታገሱ።» የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

«አሁን ማን ይመጣል ጋሼ?» አለች አልጣሽ።

ሳህኖቹን ሰበሰብኩላት።

ስምህን አልጠራሁም። አዝኜልህ እንዳይመስልህ፤ ካንተ ጋር ኃጢአት እንኳ መካፈል ስላልፈለግሁ ነው። ደንበኛህን በመበተኔ ትጮህ ይሆናል። ጩኽ። አደራ ያልከኝ ቤትህን ነበር፤ ከአንተ በፊት የተቀበልኩት አደራ ነበረብኝ።

ቁልፉን ለአልጣሽ ሰጥቻታለሁ። ጣሳህ ጠረጴዛህ ላይ ነው፤ የቀረው ቅቤ ያንተ ነው። የተልባውን አሠራር አልጣሽ ታውቀዋለች፣ ከጠየቅሃት። መጠየቅ ግን በእኛ ቤት የተለመደ አይደለም።

ከዚያ መሰላል ተውሼ ወጣሁና የእህትህን ስም ከበርህ ላይ አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ በጋሪ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ሁለቱ ምስማሮች ባሉበት አሉ፤ የራስህን ስም ስቀልባቸው።

የእህትህ ባል፣
ይታገሱ