በድልድዩ መሃል የተቀባው ቢጫ መስመር

ለተከበሩ የቀጣናዊ ትስስር ጉዳዮች ሚኒስትር

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎና የቤተሰብዎ ሰላም እንደ ንግግሮችዎ የረዘመ ይሁን እያልኩ፣ በወንዙ ዳር ከተማ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት አምቡላንስ የነዳሁ እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

መንግሥታችን ከጎረቤቶቻችን ጋር የትስስሩን ውል ሲፈርም የወደደውን አንቀጽ ተቀብሎ ያልወደደውን «ለጊዜው ይቆየን» ማለቱን፣ ይህም «እንደየአገሩ ፍላጎት የሚሰፋና የሚጠብ ትስስር» እንደሚባል በቴሌቪዥን ስላስረዱን ከልብ አመሰግናለሁ። የሲሚንቶው አንቀጽ ጸድቆ ከባድ መኪናው ድልድዩን ሳይቆም ያልፋል፤ የበሽተኛው አንቀጽ ግን ቆይቶልናል። ቀዶ ሕክምና የሚገኘው ደግሞ በወዲያ ማዶው ሆስፒታል ብቻ ነው።

አንደኛ፤ አምቡላንሴ የድንበሩን ቢጫ መስመር እንዳያልፍ ስለታዘዘ የማዶው ሾፌር ከመስመሩ ባሻገር ይጠብቀኛል። ቃሬዛውም የመንግሥት ንብረት ነውና ከአገር አይወጣም። ስለዚህ በሽተኛውን በአንሶላ አንስተን ከእኛ ቃሬዛ ወደ እነሱ ቃሬዛ እናሻግራለን፤ አንዳችን የሌላውን አስፋልት ሳንረግጥ ይህን ማድረግ ተክነንበታል።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ክረምት ግንበኛው ጎረቤቴ እዚያው አንሶላው ላይ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ እንደሆነ አረፈ። የሞት ማስረጃውን ማን ይስጥ በሚለው ላይ ሁለቱ መንግሥታት እስከ ዛሬ በትብብር መንፈስ እየተወያዩ ነው።

ሦስተኛ፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ መስመሩ ላይ የብረት በር እየተተከለ ነው። በየማለዳው እዚያ ስደርስ አንድ ነገር ተጨምሮበት አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ምሰሶው፣ ቀጥሎ ማጠፊያው፣ ትናንት ደግሞ ቁልፉ። በያጁን ስጠይቀው የሲሚንቶው ረድፍ ክፍት እንደሚቀር፣ ከምረቃው ቀን ጀምሮ የሚዘጋው የእኛ የበሽተኞቹ ረድፍ ብቻ እንደሆነ ነገረኝና ብየዳውን ቀጠለ።

አራተኛው የቤቴ ጉዳይ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያዋን በቀዶ ነው የወለደችው፤ የአሁኑም ያለ ቀዶ አይሆንም ብላታለች ሐኪሟ። ቀድማ ሄዳ እንዳትተኛ፣ አንቀጹ እስኪጸድቅ ድረስ ከእኛ ወገን የሚቀበሉት ምጥ የያዛትን ብቻ ነው። ክቡርነትዎ «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ማለት እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ምጥ ግን ተረት አይሰማም። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ይህን ሁሉ ዓመት ያሻገርኩት የሰው ልጅ ነበር።

ከቢጫው መስመር አንድ እርምጃ ወዲህ፣ በተፈቀደልኝ ቦታ ላይ በትሕትና የቆምኩ፣
አገልጋይዎ የአምቡላንሱ ሾፌር

ማስታወሻ፦ የበሩ ምረቃ ጥሪ ደርሶኛል፤ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ቀኑ ሐኪሟ ለልጄ የነገረቻት ቀን ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ ሁለት ሆነን እንመጣለን፣ እኔ መሪ ጨብጬ፣ እሷ ተኝታ። ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ እባክዎ መቀሱን አያርቁት፤ ለእትብት ሊያስፈልገን ይችላል።