የሐዲዱ ዳር ቢጫ አበባ

ኅዳር 20
ሙቀት። ደንበኛ ቀዝቅዟል። ዕቃ ልገዛ ጀርሚስተን ሄጄ ስመለስ፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ያለው ሜዳ አሜጃ ለብሷል! ቢጫው ያው ቢጫ። የአገራችን እንደ ዛፍ ነው፣ የዚህ የስደት አገሩ ከጉልበት አያልፍም... አፈሩ ይሆናላ። እንቡጡን ስጨምቀው ጣቴ ደም መሰለ። የአገሬው እንዲህ ያደርግ ነበር? አላስታውስም።
ባሌ አየነው ካትሌሆንግ ያለው ሱቃችን ከተዘረፈ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እናቴ እንቅልፍ ለራቀው ሰው አሜጃ ታፈላ ነበር። አፍልቼ ሰጠሁት።

ኅዳር 28
በየማታው እያፈላሁ ስሰጠው ተኛ። ማንኮራፋቱ ስንቴ አጣልቶናል፣ አሁን ስሰማው ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 8
ክሊኒክ። ልቡ ላይ ሰው ሠራሽ በር ስላለው ደም ማቅጠኛ ክኒን ይወስዳል፣ በየወሩ ደሙ ይለካል። ዛሬ ወፍሯል፣ ሊረጋ ይችላል አሉ። ነርሷ ክኒኑን ጨመረችለት። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ አለች። የለም አልን። ቅጠል መድኃኒት ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 11
ጎጎ ሊንዲዌ፣ ጎረቤታችን አሮጊቷ፣ ዳቦ ሊገዙ መጥተው ያሰጣሁትን አበባ አዩ።
"ይሄ የእኛም የእናንተም አገር አበባ አይደለም። ከአውሮፓ የመጣ ነው። በጎቼ በልተውት ፀሐይ ሲነካቸው ፊታቸው ተላጠ።"
አሜጃ አይደለም ማለት ነው... ሁሉንም ጣልኩት። ለአየነው አለቀ አልኩት። ደሙን ያወፈረው እሱ ይሆን? ብነግረው ምን ይለኛል? ፈራሁ። ከተጣለ ወዲያ ምን ያደርገዋል... ዝም ይሻላል።

ታኅሣሥ 22
ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ደማ። ክንዱም በልዟል። ካርቶን ገጭቶኝ ነው ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ የደበቅኩት የእሱን ነው።

ታኅሣሥ 24
ሽንቱ ቀላ። በታክሲ ከነፍን። ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። አየነው የለም ሊላት ሲል "አለ" አልኩ።
ቅጠሉ የክኒኑን ጉልበት ይሰብር ነበር አለች። ለዚያ ነው ክኒኑ የተጨመረው። ቅጠሉን ሳቋርጥ የተጨመረው ክኒን በዛበት። አሁን ደሙ አልቆም አለ።
"የዛን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ" አለችኝ። አየነው ቀና ብሎ አላየኝም። አስተኙት።

ጥር 3
ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። ተመስገን፣ ተርፏል። ጠዋት ክኒኑን የሚውጥበት ውሃ አቀረብኩለት። ብርጭቆውን አሸተተ።
"ውሃ ብቻ ነው?" አለኝ።
ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ተቀብዬው መጀመሪያ እኔ ጠጣሁለት።