ሁለት ጊዜ የሚሳብ ምላጭ

ማርች 3፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት
ከዌስትላንድስ በታጨቀ ሚኒባስ፣ ማታቱ በሚሉት ውስጥ ተቀቅዬ ገባሁ። ደብተሬ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ፤ አርሬያለሁ። ሳሚ፣ አዎ ያው እጮኛዬ የነበረው፣ ቀለበቴን የመለሰልኝ ሳሚ፣ ለተኩስ ክለባችን ኮሚቴ እጇ ይንቀጠቀጣል ብሎ ነግሯቸዋል። እኔን! በውድድር ቡድኑ የቀረው አንድ ቦታ ነው። ወይ እሱ ወይ እኔ። ቆይ ብቻ!

ማርች 8፣ ቅዳሜ፣ ክለብ
ጋሽ ተኽለ ዘንድ ነኝ። የክለቡ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው፤ አስመራ የተማሩት አማርኛ ከእኔ ይጠራል። ለግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃዬ ሁለት ምላጭ አቀረቡልኝ። አንዱ የሳሚ ምላጭ ዓይነት፤ ነካ ሲያደርጉት የሚተኩስ። ሌላው ባለ ሁለት ደረጃ። መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ይሳብና ግድግዳ እንደነካ ቀጥ ይላል፤ ግድግዳው የሚሉትም ይህንኑ ማቆሚያ ነው። ትንሽ ሲጨምሩበት ይተኩሳል።
ቀላሉን ሞከርኩ። እልህ ነዋ! የሳ. ወሬ ትዝ ሲለኝ ሳልዘጋጅ ጧ! የዒላማ ወረቀቱንም ሳትኩት። ጋሽ ተ. ሳቁ። ጓለይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ላንቺ የሚሆነው የሚያስቆምሽ ነው አሉኝ። ተናደድኩ። ግን ባለ ሁለቱን ወሰድኩ።

ማርች 15፣ ቅዳሜ
ጠዋት አሳሬን በላሁ። ቀላል የለመደ ጣት ግድግዳው ላይ ሲደርስ ይደናበራል፣ ከዚያ ይመነጭቃል።
ከሰዓት ገባኝ። እቆማለሁ። እተነፍሳለሁ። ሁሉም ይመጣል፤ ሳ. ሽማግሌ ልኮ መቅረቱ፣ እማዬ ስልክ ላይ ማልቀሷ። ይመጣና ያልፋል። ያኔ እጨርሳለሁ። ቀዳዳዎቹ አንድ ላይ! ሳ. አይቶ ዕድል ነው አለ። ይበል።

ማርች 21፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ነገ የቡድኑ ምርጫ ነው። ዛሬ የምላጭ ሚዛን ነበር። ክብደት ያንጠለጥሉበታል፤ ሳይለቅ መሸከም አለበት። የእኔ ተሸከመ። የሳ.? ቀጭ! ከደንቡ በታች ነው ተብሎ ጠመንጃው ታገደ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።
አሁን ሁርሊንግሃም የሐበሻ ምግብ ቤት ነኝ፣ ሽሮዬ ፊቴ ነው። ሳ. ደወለ። የእኔ ተራ ሲያልፍ ጠመንጃዬን እንዳውሰው ይለምናል። ደንቡ ይፈቅዳል። ጥሩ ሰው ነሽ ይለኛል! ዛሬ ተገለጠለት። ክለቡ ተዘግቷል፤ መለማመጃ ጊዜ የለውም። ነገ ከእጄ ተቀብሎ በቀጥታ መተኮስ ነው።
እምቢ ብል ፈራችው ይባላል፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ያወራል።
በደስታ ብዬዋለሁ። ኮሚቴው ፊት በሁለት እጄ ነው የማቀብለው። የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ይዩት። ስለ ግድግዳው ግን ትንፍሽ አልልም።